የኪሩቤል ዘፈኖች በያፌት ድምፅ

ጀሞ፣ ያፌት የሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያለው ሊፍት ሲወጣም ሲወርድም እንደሚታረድ በሬ ያጓራል። ይህን የሚያውቅ ከያፌት በቀር አንድም ሰው የለም። ጎረቤቶቹ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ሊፍቱ ያጓራል፣ እነሱ ግን ዓይናቸውን ከደን አድርገው ፈገግ ይላሉ። አንዱ ዝናብ ይሰማል፤ አንዷ ያደገችበትን መንደር ወፎች። ጆሯቸው ሥር የተለጠፈችው ዘብ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጠው፣ የሚያስጠላቸውን ድምፅ ሁሉ በሚያምራቸው ትለውጥላቸዋለች። ታዲያ ለማን ብለው ሊፍቱን ዘይት ይቀቡት? ያፌት አንድ ጊዜ ለሕንፃው ኮሚቴ አቤት ብሎ ነበር። ሊቀመንበሩ «የምን ጩኸት ነው ጋሼ?» አለው። ከዚያ አዘነለትና «ዘብ ያስገጥሙ እንጂ፤ ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ» ሲል መከረው።

ያፌት አላስገጠመም። ለምን ሲሉት በየጊዜው ሌላ ምክንያት ይሰጣል፤ ያሳክከኛል ይላል፣ ከእንግዲህ ለእኔ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል ይላል። እውነቱ ግን ቀላል ነው። ከጉርምስናው ጀምሮ ሮክ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፤ የገዛ ጊታሩ ምን እንዳለ ሌላ እንዲያስተካክልለት አይፈልግም። ስለዚህ ሰባ ሊሞላው ሲል፣ ያለ ዘብ ከሚኖሩት ጥቂት የከተማዋ ሰዎች አንዱ ሆኖ ቀረ።

ከተማዋ ጸጥ ብላለች ይባላል። ጠብ ቀንሷል፣ ፍቺ ቀንሷል፤ በየዓመቱ በዜና ይነገራል። ሊሆን ይችላል። ባል ሲሳደብ ሚስትየዋ ለስለስ ያለ ነገር ከሰማች ምን ያጣላቸዋል? ለያፌት ግን አዲስ አበባ እንዲህ ጮሃ አታውቅም። የአውቶቡሱ ፍሬን ያፏጫል፣ የሚጠግነው የለም። ጀነሬተር መኝታ ቤት መስኮት ሥር ሲያንኮራፋ ይውላል። ሰዉም የድምፁን ልክ ረስቶታል። ፍቅረኛሞች ታክሲ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ገበያ መሃል እንደሚጣራ ሰው እየጮኹ «እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ» ይባባላሉ። ሌላው ደግሞ ከንፈሩን እንኳ ሳያላቅቅ ያጉመተምታል፤ ቀሪውን ዘብ ትጨርስለታለች። ለቅሶ ቤት ከሁሉም ይብሳል። አልቃሽ የለችም፤ ብትኖርም የሚሰማት የለም። ሁሉም ሐዘኑን በሚችለው ልክ እየሰማ ትንሽ ይቀመጥና ተነስቶ ይሄዳል።

ሙዚቃማ ምኑ ይወራል! ያፌት አምና አንድ ዘፈን አውጥቶ ነበር፤ ጊታርና ድራም ብቻ ሆኖ እሱ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የጮኸበት። ብዙ ሰው ሰማው። አስተያየቶቹን ያነበበ ዕለት ግን እራቱን ሳይበላ ተኛ። «ልጄን የማስተኛው በዚህ ነው፣ ይባረኩ» ይላል አንዱ። «ማሲንቆውን የመታው ማነው? እጁን ይባርከው» ትላለች ሌላዋ። ዘፈኑ ውስጥ ማሲንቆ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሙሽራ ደግሞ ሰርጉ ላይ እስክስታ እንደወረዱበት ጽፎ ምስጋናውን አቅርቧል። ክፉ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። 

ዘንድሮ የራሱን ትቶ የሰው ዘፈን ለመሥራት ተነሳ። ሰውየው ኪሩቤል ነው። ያኔ፣ ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ፣ «ጎርፍ» የሚባል ባንድ ነበራቸው፤ ኪሩቤል ይጽፋል፣ ይዘፍናል፣ ያፌት ሊድ ጊታር ይመታል። በየመሸታ ቤቱ ሰዎች እራት እየበሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ተጫውተዋል። ኪሩቤል ገና ሠላሳዎቹን ሳይጨርስ አዳማ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ስቱዲዮ የመግባት አቅም አልነበራቸውም፤ በየስልኩ የተቀዱት ዘፈኖችም ከየስልኮቹ ጋር ጠፉ። አሁን ያሉት ያፌት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ የያፌት ጭንቅላት ደግሞ ሰሞኑን የጋዙን ምድጃ ማጥፋት እየረሳ ነው።

በእነሱ ጊዜ አንድ ደንብ ነበር። የሰው ዘፈን እንደገና የሚጫወት ሰው መጀመሪያ ባለቤቱ ዘንድ ይሄዳል። ባለቤቱ ከሌለ ቤተሰቡ ዘንድ። ፊታቸው ቁጭ ብሎ ይጫወትላቸዋል። ከወደዱት ይመረቃል፣ ካልወደዱት ጊታሩን አዝሎ ይመለሳል። የትም አልተጻፈም፤ የሚያስገድድም የለም። ጎርፎች ግን ይህን ሳያደርጉ የማንንም ዘፈን ነክተው አያውቁም። ያፌት አሁን ያንን ደንብ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም።

የሚቀርፀው ሳር ቤት አካባቢ፣ ሶልያና የምትባል የድምፅ ባለሙያ ጋ ነው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ክፋት የሌለባት ሴት ናት። ያፌት ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ሲጫወት እሷ ከወዲህ ዓይኗን ጨፍና በእግሯ ምት ትመታለች። እግሯ የሚመታው ግን እሱ የሚጫወተውን አይደለም። እሱ ሲፈጥን እሷ ትዘገያለች፤ እሱ ሲያቆም እሷ ትቀጥላለች። መጀመሪያ ላይ ይረብሸው ነበር፤ በኋላ እግሯን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መጫወት ጀመረ።

«እንዴት ነው ሶሊ?» ይላታል በጨረሰ ቁጥር።

«ልብ ይበላል ጋሽ ያፌት!»

አንድ ቀን ተናደደና የጊታሩን አንድ ክር ሆን ብሎ አላላት። ግጥሙን አዛባ፣ እንደ ፍየል ጮኸ፣ መሃል ላይ አስነጠሰ።

«ይሄኛውስ?»

«ውይ፣ ይሄማ ከሁሉም ይበልጣል!» አለችው እንባዋን እየጠረገች። የእውነት እንባ ነበር።

ያፌት ከመስታወቱ ወዲያ ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሶሊ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንዴ ብቻ ዘብሽን አውልቀሽ ብትሰሚልኝ?»

ሶልያና ፊቷ ቀላ። «ጋሽ ያፌት! እኔ እንደ አባቴ ነው የማይዎት።»

«እንዴ፣ ምን አልኩ?»

«ልብስሽን አውልቂ ቢሉኝ ከዚህ በምን ይለያል? ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ አውልቄያት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እናቴ እንኳን ያለሷ አይታኝ አታውቅም።»

«ይቅርታ ልጄ። እግዜር ያውቃል፣ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።»

ሶልያና አዘነችለት። «ግን እኮ ግሩም ነው። ለምን አያምኑኝም?»

«አምንሻለሁ» አላት። ምን ይበላት?

ቤቱ ገብቶ የተቀረፀውን ብቻውን ይሰማል። ዛሬ ሲሰማው ጥሩ ይመስለዋል፤ በማግስቱ አስቀያሚ ይሆንበታል። የገዛ ድምፁ ነው፣ በምን ይዳኘዋል? እንደዚህ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም፤ ሚስቱ ትታው የሄደች ሰሞን እንኳ ቢያንስ የሚጣላው ሰው ነበረው። አንድ ሰው ፈለገ፣ አንድ ብቻ፣ እንዳለ ሰምቶት «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም» የሚለው። ያ ሰው ካልተገኘ አልበሙን ላያወጣ፣ ጊታሩንም ላይነካ ቆረጠ። የአርባ ዓመት ዘፈን ተበላሽቶም ቢሆን የሚያውቅ ከሌለ፣ መጫወቱ ለምኑ ነው?

የኪሩቤል እናት፣ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ በሕይወት አሉ። ያፌት በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልላቸዋል። እሳቸውም ስልኩን ቶሎ አይዘጉም፤ «አውራኝ፣ አውራኝ» ይሉታል፣ መጨረሻ ላይ ያለቅሳሉ። ያፌት ከዕድሜ የመጣ ሆድ መባስ አድርጎ ነው የሚያየው። ዘጠና እየተጠጉ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ማን ዘብ ይገጥምላቸዋል ብሎ አሰበ፤ አስቦም ደስ አለው። እሑድ ጠዋት ጊታሩን አዝሎ የካ አባዶ ሄደ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። አንሰዋል፤ ነጠላው ከሳቸው ይበዛል። ጎንበስ ብሎ ጉንጫቸውን ሲስም፣ ጆሯቸው ሥር ያለችው ምስር የምታክለው ነገር ጉንጩን ነካችው። 

«ማዘር፣ እንዴት ነዎት?» አላቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ማዘር ነው የሚላቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ። ዝም አትበል፣ ተናገር። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ያው ጭንቅንቅ ነው።»

«ከየት ጀምሮ ነው ጭንቅንቁ? እስቲ አውራኝ።»

ያፌት ስለ መንገድ ጭንቅንቅ እንዲህ የሚጓጓ ሰው አይቶ አያውቅም። ከጀሞ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ አባዶ፣ የተጣበቀውን መኪና ሁሉ ተረከላቸው። ወይዘሮ እልፍነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው እየተወዛወዙ ሰሙት። ወሬ ሲያልቅበት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመድኃኒት ካርቶን አቀበሉት።

«አንብብልኝ።»

«ዓይንዎ አያይም?»

«ያያል። አንተ አንብብልኝ።»

«ከምግብ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።» ቀና ሲል እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ያፌት ካርቶኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ማዘር፣ የማንን ድምፅ ነው የሚሰሙት?»

«የማንን እሰማለሁ? የልጄን ነዋ።» ደስ እያላቸው እንጂ እያፈሩ አልነበረም። «አንዲት የድምፅ መልእክት ቀርታልኝ ነበር፤ ‹እማዬ ዛሬ አመሻለሁ፣ በሩን እንዳትቆልፊው› የምትል። ጤና ጣቢያ ይዤላቸው ሄድኩና ከእሷ ላይ ሠሩልኝ። አሁን ሰው ሁሉ በሱ ድምፅ ነው የሚያወራኝ። ሐኪሙ፣ ዜና አንባቢዋ። የግቢው በረኛ በኪሩ ድምፅ ሲሳደብ ብትሰማው!» አሉና ሳቁ።

ያፌትም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሄደበት።

ቢሆንም የመጣበት ነገር ነውና ጊታሩን አወጣ። ኪሩቤል መጀመሪያ የጻፋትን፣ ጎርፍ በየመድረኩ መዝጊያ የምታደርጋትን ዘፈን ጀመረ።

ከግድግዳው ወዲያ ሰው አለ ይሉኛል፣
ከግድግዳው ወዲህ ማንስ ያየኛል።

ከዚህ ቀጥሎ አዝማቹ ይመጣል፤ «ስማኝ» የሚል አንድ ቃል እየተደጋገመ። ያፌት እንደ ድሮው ከሆዱ ጮኸበት፤ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ወይዘሮ እልፍነሽ ብድግ ብለው አቀፉት። «ኪሩዬ፣ የኔ ጌታ፣ ኪሩዬ!» ይሉታል። ያፌት በአንድ እጁ ጊታሩን፣ በሌላው እሳቸውን ይዞ ቆመ። የመጣው የገዛ ድምፁን እንዳለ የሚሰማለት ሰው ፍለጋ ነበር። ይኸው ታቅፏል፤ እሱ ግን የለበትም።

ድንገት ንዴት መጣበት። «እኔ ነኝ ማዘር!» ብሎ ጮኸ። «ያፌት ነኝ! የዘፈንኩት እኔ ነኝ እንጂ ኪሩ አይደለም! ኪሩ ሞቷል!»

ወይዘሮ እልፍነሽ ፈገግ አሉ። «እሰይ፣ እንዲህ ለስለስ አድርገህ ስታወራኝ ደስ ይለኛል» አሉት።

ያፌት ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ማልቀሱን ያወቀው እሳቸው ፊቱን ሲያዩ ነው። ዘብ የጆሮ እንጂ የዓይን አይደለችም።

«ምነው? ምን ሆንክብኝ?»

ነገራቸው። ሶልያናን ነገራቸው፣ ማሲንቆውን ነገራቸው፣ ባለቤቱ ሳይሰማው ዘፈን አይነካም የሚለውን ደንብ ነገራቸው። ምን ሆኖ እንደደረሳቸው አያውቅም፤ እሳቸው ግን ከንፈሩን እያዩ በጥሞና አዳመጡት።

«እንዳወልቃት ነው የምትፈልገው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ማዘር።»

«አንዴ ስታጠብ ወድቃብኝ ነበር። መልሰው እስኪገጥሙልኝ ድረስ ሰው ሁሉ በባዕድ ድምፅ አወራኝ። ልጄን ሁለተኛ ቀበርኩት፤ በዚያኛው ጊዜ ደግሞ ለቀስተኛ እንኳን አልነበረኝም።»

«እንግዲያው ይቅር ማዘር። ይቅር፣ አላስጨንቅዎትም።» ጊታሩን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ።

«ቆይ። ጥሩ ነው ዘፈኑ?»

«አላውቅም። እሱን እኮ ነው የማላውቀው። የሚነግረኝ ሰው የለኝም።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ቆጣ አሉ። «የልጄን ዘፈን ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳታውቅ ነው ለሰው ልታወጣ የነበረው?» እያሉ በጥፍራቸው ጆሯቸው ሥር ቧጨሩና ዘቧን አወለቋት። መዳፋቸው ላይ ይዘዋት ደርቀው ቀሩ። ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል። የላይኛው ቤት የውኃ ፓምፕ ያቃስታል። ከውጭ ጥሩምባ፣ ፍሬን፣ የሰው ጩኸት።

«በስመአብ! ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ሁሌም ነበረ ማዘር።»

ዞር ብለው ትክ ብለው አዩት። «ድምፅህ ሻክሯል። አርጅተሃል እንዴ ያፊ?»

«አርጅቻለሁ ማዘር» አለ። ያፊ የሚለው ሰው ከጠፋ ስንት ዘመን ሆኖት ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ። መድረክ ላይ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ወይዘሮ እልፍነሽ ቅንድባቸውን ሰብስበው ያዳምጣሉ። አዝማቹ ጋ ደረሰና ገና «ስማኝ!» ብሎ ሲጮኽ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ተው! ተው! አበላሸኸው።»

ያፌት አቆመ። «ምኑን?»

«ምን ያስጮኽሃል? እዚያ ላይ ጩኸት የለም።»

«ማዘር፣ ሁሌም እንጮኽበት ነበር እኮ።»

«መሸታ ቤት ነዋ! ሰካራም መሃል ካልጮኸ ማን ይሰማዋል? ይሄን የጻፈው ካዛንቺስ፣ ባለ አንድ ክፍሉ ኪራይ ቤት ነው። አከራያችን ከግድግዳው ወዲያ ነበር የሚተኛው፤ ትንፍሽ ካልን ‹ውጡልኝ› ይላል። ልጄ ‹ስማኝ›ን በሹክሹክታ ነው የሠራት። እኔ ልብስ እየተኮስኩ፣ እሱ አልጋው ላይ። እንዲህ ነው የሚላት።» ዓይናቸውን ጨፈኑና በተሰበረ፣ ምቱን በሳተ ድምፃቸው፣ አጠገባቸው ላለ ሰው ብቻ እንደሚነገር ምስጢር «ስማኝ» አሉ። «ስማኝ። ስማኝ።»

ያፌት የሰው ልጅ ሲያንሾካሹክ ከሰማ የቆየ መሆኑ ያኔ ትዝ አለው። ዕድሜውን ሙሉ የጮኸበት ቃል ጩኸት አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት በስህተት ተጫውቶታል፤ ግን አላፈረም፣ ደስታው አላስቀመጠውም። «እስቲ ደግሜ ልሞክር» አለ።

«ቸኮልክ» አሉት። ደገመ። «አሁንም ቸኮልክ፤ ማን ያባርርሃል?» ደገመ። ሁለተኛው ቤት ላይ አንድ ቃል ተሳስተሃል ሲሉት «እዚች ላይስ እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት!» ብሎ ተሟገታቸው፤ እሳቸውም ጭናቸውን እየመቱ «ማን የወለደውን ማን ያርማል!» ብለው ጮኹበት። የኪሩቤልን ዘፈን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ተጣሉ። በመጨረሻ ያፌት ክሮቹን በመዳፉ አፍኖ፣ ከንፈሩን ወደ ጊታሩ አስጠግቶ፣ ግድግዳውን እያየ «ስማኝ» ሲል፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህ። እንዲያ ነው።»

ወዲያው ፊታቸው ጨለመ። ፓምፑ፣ ፍሪጁ፣ የሰዉ ጩኸት ተመለሰባቸው። መዳፋቸውን ከፍተው አዩ። «ልመልሳት ነው ልጄ። ከዚህ በላይ አልችልም። የምትለኝ ካለህ አሁን በለኝ፣ በራስህ አንደበት።»

ያፌት አሰበ። ዓመታት ሙሉ የሚሰማው ሰው አጥቶ ያጠራቀመው ነገር ብዙ ነበር፤ አሁን አንዱም አልመጣለትም። «ማዘር፣ ቅድም ያሉኝን እስቲ ይድገሙልኝ» አላቸው።

«ምኑን?»

«አበላሸኸው ያሉኝን።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ሳቅ አሉ። «አበላሸኸው!» አሉት። «አከራይ የሌለብህ ይመስል ጮህክበት!» ይህን ብለው ዘቧን ጆሯቸው ሥር ለጠፏት። ግንባራቸው ላይ የነበረው መጨማደድ ቀስ እያለ ተፈታ። ያፌት ጊታሩን አዘለና «ደህና ይዋሉ ማዘር» አላቸው።

«ደህና ዋል፣ ኪሩዬ» አሉት።

አላረማቸውም። ጉንጫቸውን ስሞ ወጣ።

በረኛው አጥሩ ጋ ሆኖ አንዱን ሾፌር ይሳደባል፤ ሾፌሩ ፈገግ እያለ ያመሰግነዋል። ያፌት አልፏቸው ሄደና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ለሶልያና ደወለ።

«ሶሊ፣ ሥራውን እንደገና እንቀርፀዋለን።»

«እንዴ! ለምን ጋሽ ያፌት? ግሩም ነው እኮ!»

«ተበላሽቷል!» አላት። ድምፁ አመለጠውና መንገዱ ላይ ጮኸ። «ሰምተውት ነገሩኝ ሶሊ፣ ተበላሽቷል!»

 ሶልያና ምን እንደሰማች እግዜር ይወቀው። «ማክሰኞ ይምጡ እሺ» አለችው። ስልኩን ግን አልዘጋችም። «ጋሽ ያፌት... ድምፅዎ ምን ይመስላል አሉዎት?»

«ሻክሯል አሉኝ» አላት ያፌት፣ ሳቁ እየመጣበት። «አርጅቷል አሉኝ። ደግሞም ቸኩሏል።»

ከዚያ ፌርማታው ጋ ሄዶ ተሰለፈና አዝማቹን በሹክሹክታ መለማመድ ጀመረ። አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ፈገግ አሉ። ምን እንደሰሙ አልጠየቃቸውም።